የሙሽራዋ አጎቶች የት ሄዱ?

በጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ከሚኖሩት አብዛኞቹ ኑዌሮች ናቸው። በኑዌር ዘንድ ከብት ያልተቆጠረበት ጋብቻ ጋብቻ አይባልም። ይሁንና ሽማግሎቹ ለድርድር ከመቀመጣቸው በፊት ልጁ ልጅቷን አይቷታል፤ አነጋግሯታል፤ በሬውን እያወደሰ ዘፍኖላታል። እሷም ማንን እንደምትፈልግ ታውቃለች፤ ታስታውቃለችም። ከዚያ በኋላ የአባት ወንድሞች ድርሻ አለ፣ የእናት ወንድሞች ድርሻ አለ፣ ስንት ላም ለማን እንደሚደርስ ይከራከራሉ። ሙሽራዋ የመጀመሪያ ልጇን እስክትወልድ በወላጆቿ ቤት ትቆያለች። ትዳሩ ቢፈርስ ከብቱ ይመለሳል፤ ስለዚህ ላም የደረሰው አጎት ሁሉ ትዳሩ እንዳይፈርስ ይጠብቃል። ፍቅሩ ድርድሩን አያስቀርም፣ ድርድሩም ፍቅሩን አይገድልም።

ይህን የሚያውቅ አንባቢ በመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ላይ የተጻፈ ልብ ወለድ ሲያነሣ አንድ ነገር ይጎድልበታል። ልዕልቲቱ አለች። ጨካኙ አባት አለ። ያረጀው ንጉሥ ሙሽራ ሆኖ ቀርቧል። በጓሮ በር የሚገባ፣ ዘሩ ዝቅ ያለ፣ ልቡ ግን ንጹሕ የሆነ ወጣት ወታደር አለ። አጎቶቹ ግን የሉም። ማንም ከብት አልቆጠረም፣ ማንም ግብር አልተደራደረም፣ የሙሽራዋ አገር ሰው ከሰርጉ በኋላ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። መጽሐፉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ይጓዛል፦ ትወደዋለች ወይስ አትወደውም?

ደራሲውም፣ አሳታሚውም፣ አብዛኛው አንባቢም የተስማሙበት ሐሳብ ይህ ነው። በጥንቱ ዘመን የነገሥታት ጋብቻ ፖለቲካ ነበር፤ ፖለቲካ ደግሞ ፍቅር አይደለም፤ ስለዚህ ፍቅር ያለው ከጋብቻው ውጭ፣ በሽሽት፣ በድብቅ፣ በእምቢታ ውስጥ ብቻ ነው። ድርድሩ ግርግዳ፣ ፍቅሩ ግርግዳውን የሚያፈርስ መዶሻ ተደርጎ ይቀርባል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ እየተላበሱ የገቡት የውጭ ተከታታይ ድራማዎች ይህን ጣዕም ይበልጥ አጠነከሩት እንጂ አልፈጠሩትም። ከእነሱ በፊትም ነበር፤ ከአማርኛ ልብ ወለድ ጋር አብሮ ተወልዷል።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የሚታወቀው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ዘመኑ በውል ያልተገለጸ ጥንት ነው። ክርስቲያኑ ደጃዝማች በጦርነት ይማረካል። ልጁ ዋሕድ አባቱን ዋጅቶ ለለቀቀው ነጋዴ ውለታ ለመክፈል ወጥቶ በባርነት ይወድቃል። መንታ እኅቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። አረመኔ የተባለው ንጉሥ በመልኳ ይሸነፋል፣ ክርስትና ይነሣል፣ ያገባታል፤ የንጉሡ ዘመድ ደግሞ ዋሕድን ታገባለች። ሁለት ሰርግ፣ አንድ ጥምቀት፣ መጽሐፉ ተዘጋ።

የመጀመሪያ ሥራ ብዙ ይቅር ይባልለታል፤ የአፈወርቅም አማርኛ ዛሬም ያስቀናል። ግን የዳር አገር አንባቢ አንድ ነገር ቢጠይቅ ማን ይመልስለታል? ንጉሡ በአንዲት ልጅ መልክ ሃይማኖቱን ሲለውጥ መኳንንቱ ምን አሉ? ጦር ይዘው የተከተሉት ዘመዶቹስ? በልብ ወለዱ ውስጥ የጎረቤት አገር ሥራው አንድ ብቻ ሆኗል፤ በቁንጅና ተሸንፎ መመለስ። ጋብቻው ችግሩን ሁሉ ይፈታል፤ ምክንያቱም ችግሩ የእውነት ሰዎች ችግር ሆኖ አልተጻፈም።

እውነተኛው ታሪክ እንዲህ አልሄደም። እሌኒን እንውሰድ።

እሌኒ የሐድያው ገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች። በሙስሊም ገዥ ቤት ተወልዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ለነገሠው ለዘርዐ ያዕቆብ ተዳረች። ሐድያ ግብር ከፋይ አገር ነበር፤ ሙሽራዋ የዚያ ውል አካል ነበረች። ጥምቀቱም ነበረ። እዚህ ድረስ የአፈወርቅን ልብ ወለድ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን የሐድያን አገዛዝ የያዘው ማሂኮ፣ የመሐመድ ልጅ፣ ግብር አልከፍልም ብሎ ሸፈተ። ማሂኮ የንግሥቲቱ ወንድም ነው። ንጉሡ ባሞ የተባለውን የማሂኮን አጎት በገራድነት ሾሞ ላከበት። ማሂኮ ወደ አዳል ሲሸሽ የዳሞት ጦረኞች ደርሰው ገደሉት። የዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ይህን ሁሉ እንደ አንድ ዘመቻ ይተርከዋል። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የተቀመጠችው የሟቹ እኅት፣ የአስገዳዩ ሚስት፣ የአዲሱ ተሿሚ ዘመድ በዚያ ሳምንት ምን እንዳደረገች አይናገርም።

ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ለዚህ ባዶ ቦታ ነው። ብዙ ደራሲ ግን ይህን ቦታ ሲያገኝ የሚሞላው በወጣት ወታደር ነው፤ እሌኒ ሽማግሌ ባሏን ጠልታ ዘበኛዋን የምትወድ ልጅ ትሆናለች። ከዚህ የበለጠ ስድብ ለእሷ አይኖርም። ዘበኛው ቢገባ ጥያቄዋ ሁሉ ቀላል ይሆናል፤ ወይ ትሸሻለች ወይ ትቀራለች። ዘበኛው ባይኖር ግን አንዲት ሴት አባቷ የገባውን ውል ወንድሟ ሲያፈርስ፣ አጎቷ ሲጠቀምበት፣ ባሏ በደም ሲያስከብረው ቁጭ ብላ ታያለች፤ ነገም እዚያው ማዕድ ላይ መቅረብ አለባት።

በዚያ ቤት ፍቅር አልነበረም ማለትም አይደለም። ነበረ፤ ግን ልማደኛው ልብ ወለድ በሚፈልግበት ቦታ አልነበረም። ዘርዐ ያዕቆብ ሌላዋን ሚስቱን ጽዮን ሞገሳን ልጇን ለማንገሥ አሲራለች በሚል ክስ አስገረፋት፤ በዚያው ሞተች። ልጇ በእደ ማርያም እናቱን በአባቱ እጅ አጣ። እ.ኤ.አ. በ1468 ሲነግሥ እሌኒን እንደ እናቱ አከበራት፤ ቀኝ በዓልቲሐት የሚለውን ታላቅ የንግሥትነት ማዕረግ ይዛ ከጎኑ ቆመች። የበእደ ማርያም ዜና መዋዕል ሃይማኖቷን፣ የመጻሕፍትና የሥርዓት ዕውቀቷን፣ የማዕዷን አሰናዳድና ምክሯን እየዘረዘረ ያመሰግናታል። እናቱ የተገደለችበት ንጉሥና ወንድሟ የተገደለባት የእንጀራ እናት፣ ሁለቱም የአንድ ሰው ቁስለኞች፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው አገር መሩ። ከዚህ የጠለቀ የፍቅር ታሪክ በየትኛው የቤተ መንግሥት ልብ ወለድ ውስጥ አለ?

በእደ ማርያም አለፈና ሌሎች ነገሡ። እ.ኤ.አ. በ1508 ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ ሲነግሥ አገሩን በእንደራሴነት የያዘችው እሌኒ ናት። ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ መልእክተኛ አድርጋ ወደ ፖርቱጋል ላከች፤ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። ለንጉሥ ማኑኤል በላከችው ደብዳቤ ካቀረበችው ሐሳብ አንዱ የሁለቱ ነገሥታት ልጆች እንዲጋቡ ነበር። በልጅነቷ የውል ማሰሪያ ሆና የተሰጠችው የሐድያ ልጅ በእርጅናዋ ራሷ ውል አሳሪ ሆነች። ተበዳይ ብቻ አድርጎ የሚስላት ሰው ይህን ደብዳቤ የት ያስቀምጠዋል?

ሐሳቡም በእሷ አልተጀመረም። አፄ ይስሐቅ እ.ኤ.አ. በ1420ዎቹ መጨረሻ ቫሌንሲያ ድረስ በላካቸው መልእክተኞች በኩል ከአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ አምስተኛ ጋር ድርብ ጋብቻ አሳስቧል፤ የአራጎን ልዕልት ለእሱ፣ የእሱ ልጅ ደግሞ ለአራጎን ልዑል። ጋብቻው አልተፈጸመም፤ አልፎንሶ የላካቸው የእጅ ባለሙያዎችም በመንገድ አለቁ። ማንም ከማንም ፍቅር አልያዘውም፤ ተያይተውም አያውቁም። ግን ቀይ ባሕርንና ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ በጥሎሽ ሊገናኙ የፈለጉ ሁለት ቤተ መንግሥታት ታሪክ ስንት ምዕራፍ ይወጣው ነበር!

አሁን ወደ ሽሽቱ። የአክሱም መጨረሻ ንጉሥ የሚባለው ድል ነዓድ ልጅ፣ መሶበ ወርቅ፣ ከመራ ተክለ ሃይማኖት ጋር ኰበለለች፤ ከዚያ የዛጔ ሥርወ መንግሥት መጣ ይላል አንዱ አተራረክ። ይህን የሰማ ሁሉ የፍቅር ታሪክ ነው ይላል። ትውፊቱ ግን የቆመው ለክርክር ነው፦ ዛጔዎች ዘውዱን ያገኙት በሴት በኩል ነው፣ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1270 ይኵኖ አምላክ ሲነግሥ መንግሥቱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ የሚል። ጀግናዋ ልጅ እንኳ ለወራሾች ጠብ ማስረጃ ሆና ነው የገባችው። ኩብለላውን ብቻ ነቅሎ አውጥቶ «ለፍቅር ዘውድ ናቀች» ማለት የተረቱን ጥርስ መንቀል ነው።

ሽሽትን ማወደስ ሌላም ጣጣ አለው። በዚህ አገር ሙሽራ ከአባት ቤት የምትወጣበት መንገድ ሁልጊዜ በፈቃዷ አልነበረም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት እንዲያመልጥ በር ይከፍትለት ነበር፤ ይህ በር የተዘጋው በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው። በፈረስ መጥቶ ልጅቷን አፈናጥጦ የሚጋልብን ሰው እንደ ፍቅር ጀግና የሚጽፍ ደራሲ የሴትን ነፃነት እያወደሰ የሚመስለው፣ ግማሹን ጊዜ የጠላፊን ጠበቃነት ይዞ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሊታለፍም አይገባም። «ድርድርን ማክበር ማለት ልጆች እንደ ዕቃ የተሰጡበትን ዘመን ማሳመር አይደለምን?» የሚል። ሊሆን ይችላል፤ መጥፎ ደራሲ እጅ ከገባ ይሆናል። ጽዮን ሞገሳ በግርፋት ሞታለች፤ ያንን የደበቀ መጽሐፍ ውሸታም ነው። ዐምደ ጽዮን የአባቱን ሚስት አገባ ተብሎ መነኮሳት በፊቱ ቆመው ገሥጸውታል፤ ተገርፈዋል፤ ተሰደዋል። ልጁ ሰይፈ አርዕድም በሚስቶቹ ብዛት ከአቡነ ያዕቆብና ከደብረ ሊባኖሱ ፊልጶስ ጋር ተጣልቷል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ የንጉሡን መኝታ ቤት የአገር ጉዳይ አድርጋ ይዛው ነበር። የልማደኛው ልብ ወለድ ድክመት ግን ግፉን ማሳየቱ አይደለም። ግፉን በአንድ ጨካኝ አባት ላይ ጭኖ፣ እሱን በመጨረሻው ምዕራፍ ገድሎ ወይም አስታርቆ፣ ሥርዓቱን በሰላም ማሰናበቱ ነው። ድርድሩን በዝርዝር የሚጽፍ ደራሲ ማን ምን እንዳተረፈ፣ ማን እንደ ተሸጠ፣ ማን ዝም እንዳለ በስም ያሳያል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ያውቁ ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም በዛብህና ሰብለ ወንጌል የአገሩን ልብ ሰበሩ፤ ዛሬ ድረስ የሚጠቀሰው ፍቅራቸው ነው። መጽሐፉን ያቆመው ግን ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው፤ የዘር ቈጠራቸው፣ ለልጃቸው የሚመጣውን ባል ሁሉ እየመዘኑ መመለሳቸው፣ በዚህም መካከል የልጅቷ ዕድሜ መሄዱ። ያ ድርድር ባይኖር ፍቅሩ የሁለት ወጣቶች ልቅሶ ብቻ ይሆን ነበር። ተከታዮቻቸው የወሰዱት እንባውን ነው፤ ፊታውራሪን ወረወሯቸው። በውጭም ኖርዌያዊቷ ሲግሪድ ኡንድሴት እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1922 ባሳተመችው የክርስቲን ላቭራንስዳተር ታሪክ ልጅቷ አባቷን እምቢ ብላ የወደደችውን እንድታገባ ታደርጋለች፤ ግን ይህ የሆነው በመጀመሪያው ቅጽ ነው። የቀሩት ሁለት ቅጾች የእምቢታው ዋጋ ናቸው።

በጦርነት ውስጥ ያለው ጋብቻም እንዲሁ ተዘንግቷል። ግራኝ አሕመድ የልብነ ድንግልን ልጅ እንዲድርለት ጠይቆ ንጉሡ እምቢ እንዳለ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1543 ግራኝ ሲገደል ሚስቱ ድል ወንበራ ወደ ሐረር ሸሸች፤ ልጇ መሐመድ ተማርኮ ነበር። የልብነ ድንግል ሚስት ሰብለ ወንጌል ደግሞ ልጇ ሚናስ በሙስሊሞቹ እጅ ገብቶ እስከ የመን ተልኮ ነበር። ሁለቱ እናቶች፣ ባሎቻቸው ሲተላለቁ የኖሩ ሴቶች፣ ልጆቻቸው እንዲለዋወጡ አደረጉ። ከዚያ ድል ወንበራ የባሏን ደም የሚመልስላትን ሰው ብቻ እንደምታገባ አስታወቀች፤ ኑር ኢብን ሙጃሂድ አገባት፤ በ1559ም አፄ ገላውዴዎስን በጦር ሜዳ ገደለ። ይህን «የፍቅር ጋብቻ ነው ወይስ የፖለቲካ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ስንፍና ነው። ሐዘንም ነው፣ ቂምም ነው፣ ታማኝነትም ነው፤ ጥሎሹ የንጉሥ ራስ ነበር።

ወደ ጋምቤላ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይገለበጣል። ኑዌሮች ንጉሥ አልነበራቸውም፤ አኙዋዎች ግን ኒየያ የሚሏቸው ባላባት ነገሥታት አሏቸው። የንግሥናው መነሻ ትውፊት እንዲህ ይላል። ሁለት ልጆች በአንድ ዓሣ ተጣሉ፤ ኡቹዶ የተባለ ፍጡር ከወንዝ ወጥቶ ዳኛቸው። የመንደሩ አለቃ ቹዋይ ይህን ጥበብ ሲሰማ ይዛችሁ አምጡት አለ። ኡቹዶ ተይዞ መጣ፤ አልበላም፣ አልተናገረም። የአለቃው ልጅ ኮሪ ቀረበችው፤ ፀነሰችም። እሱ ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ የንግሥና አርማ የሆነው ዶቃ ግን ለሚወለደው ልጅ ቀረ። የልጁ ስም ጊሎ ነው።

እስቲ ከልማደኛው ልብ ወለድ ጋር አስተያዩት። እስረኛው ሙሽራው ነው፤ ልጅቷ በአባቷ ቤት ናት። ሰርግ የለም። የሸሸው ባልየው ነው። ንግሥናውም የመጣው በማያውቁት አባት ደም ብቻ አይደለም፣ በእናቱ ቤት ስለ ተወለደና ስላደገ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1935 አካባቢውን አጥንቶ በ1940 በጻፈው መጽሐፍ እንደሚታየው ይህ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የባላባቶቹ ልጆች የሚያድጉት በእናቶቻቸው መንደር፣ በእናት ወንድሞች እጅ ነበር፤ ለአርማው ሲፋለሙ የሚደግፏቸውም እነሱ ነበሩ። አባቱ አርማውን አንድ ቀን እንኳ ያልጨበጠ ልጅ እሱም ሊጨብጠው አይችልም ነበር። ጎድፍሪ ሊንሃርት በ1955 የእነዚህን ነገሥታትና የእናቶቻቸውን ወገን ጉዳይ ራሱን አስችሎ ጽፎበታል። ልጁን ለኒየያ የሚድር መንደር ልዕልት እየሸኘ አይደለም፤ የነገ ንጉሥ ወደ ቤቱ እያስመጣ ነው። ሴትየዋ በሁለት መንደር መካከል ያላት ኃይል ከየትኛውም የኩብለላ ትዕይንት ይበልጣል። የእናት ወንድም ቅናት፣ የሁለት መንደር ፉክክር፣ አርማውን ሳይጨብጥ እንዳይሞት የሚፈራ ልዑል፣ ይህ ሁሉ ተዘርግቶ ተቀምጧል።

ዛሬም ቢሆን በክልሉ ጋብቻ ድንበር ያበጃል፣ ድንበር ያፈርሳል። ደረጀ ፈይሳ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት የኑዌር ወንዶች ከአኙዋ ሴቶች ጋር መጋባታቸው ዝምድናን፣ በዝምድናውም በኩል የወንዝ ዳር መሬትን እንዴት እንዳስገኘ ያሳያል። አንዱ ወገን በከብት፣ ሌላው በዶቃ ጥሎሹን ይቆጥራል፤ በመካከል የሚወለደው ልጅ የሁለቱንም አጎቶች ያውቃል። ኑዌር ዘንድ ደግሞ ሳያገባ የሞተ ሰው ወንድሙ በስሙ ሚስት ያገባለታል፤ የሚወለዱት ልጆች የሟቹ ናቸው። ወንድሙ ካልወለደለት ስሙ የሚጠፋ ሰው መኖሩን የሚያውቅ ማኅበረሰብ «ጋብቻ የሁለት ልቦች ጉዳይ ነው» የሚለውን ሐሳብ ቢሰማ ጨዋ ሆኖ ዝም ይል ይሆናል እንጂ አያምንም።

«አንባቢ ፍቅር ይፈልጋል፤ ውል አይገዛም» የሚለው የአሳታሚዎች መልስ የቀረው መከላከያ ነው። አንባቢ የሚፈልገው አደጋ ላይ የወደቀ ሰው ነው። እሌኒ ወንድሟ በሸፈተበት ዓመት፣ ድል ወንበራ ከሐረር በር ውስጥ፣ ሰብለ ወንጌል የልጇን መለወጥ ስትጠብቅ፣ አደጋ ላይ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ፍቅርን ማንም አልከለከለም፤ ዋጋ ተተመነለት እንጂ።

ስለዚህ እሌኒን ለመጻፍ የተነሣ ደራሲ ካለ ዘበኛውን ይተወውና ከማሂኮ ሞት ይጀምር፤ ባሞንም ያናግረው። ከጋምቤላ የሚነሣ ብዕረኛ ካለ ደግሞ ልዕልት ፍለጋ ወደ ጎንደርና አክሱም አይሂድ። ኮሪ አለች። የአኙዋ ነገሥታት የዘር ቈጠራ የሚነሣው ከእሷ ልጅ ከጊሎ ነው።